ሐዘን የሚጀምርበት ሰዓት

አዳማ ውስጥ፣ ከቦኩ ኮረብታ በታች ባሉት ብሎኮች፣ ጠዋት መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የወፍ አይደለም። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ ቤቶች የመስኮት ላሜራ መዝጊያ አንድ ላይ መነሳት ይጀምራል። ከሩቅ ለሚሰማው ገልባጭ መኪና ጠጠር የሚያራግፍ ይመስለዋል። አርባ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሰው ከአልጋው የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትከር የምሥራቁ ጎን በግማሽ ይወርዳል። ስምንት ሰዓት ላይ የምዕራቡ ጎን ጨርሶ ይዘጋል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መልሶ ይከፈታል። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ይዘጋል። መስኮት በእጁ የከፈተ ሰው ከታየ ዓመታት አልፈዋል።

መዝጊያው ለጎረቤት ዜናም ነው። ሩብ ያህል ተነስቶ ከቆመ እቤት ውስጥ የታመመ አለ። ሁለት ቀን ተዘግቶ ከዋለ ባለቤቱ መንገድ ሄዷል። ጠዋት ሳይነሳ ቀርቶ ከላዩ ያለችው ትንሽ ሐምራዊ መብራት ከበራች ደግሞ ቤቱ ሰው ሞቶበታል፤ እስከ ሦስተኛው ቀን አይነሳም። ያንን ያየ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለለቅሶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ከለላ ነው። የቤቶቹን መብራት፣ በር፣ ውኃ፣ ሬዲዮና መዝጊያ ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን ሥርዓት ነዋሪው የሚጠራው እንደዚያ ነው፤ ድርጅቱንም፣ በስልክ የሚያነጋግራቸውንም ድምፅ ከለላ ነው የሚሉት።

ኬብሮን የብሎኮቹ ጥገና ሠራተኛ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። መዝጊያዎቹ መጀመሪያ ሲገጠሙ የገጠማቸው እሱ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ከከለላ ጋር ያገናኛቸውም እሱ ነው። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብሎክ አሥራ አንድ ጣራ ላይ ሆኖ ሽቦ ሲቀይር ስልኩ ጮኸ። የደወሉት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ናሆም ናቸው።

«የት ነህ?»

«ጣራ ላይ።»

«ውረድ።»

«ምነው ጋሽዬ?»

«መጀመሪያ ውረድ። ጣራ ላይ ሆነህ አልነግርህም።»

ወረደ። ጋሽ ናሆም ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁት። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ እንኳን ሰው ሞቶ፣ ዝናብ ዘንቦም ቢሆን ሲናገሩ ቃል አያባክኑም። የመሣሪያ ሳጥኑን ከእጁ ተቀብለው መሬት አስቀመጡትና በላዩ ላይ እንዲቀመጥ አደረጉት። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ያኔ ገባው፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያልገባው።

«ፍቱን ነው» አሉ።

ፍቱን የሶልያና አንድያ ልጅ ነው። ዳሎል፣ የፖታሽ ማዕድን ውስጥ፣ ገልባጭ ይነዳ ነበር። የመኪናው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ፈረቃውን ሳይጨርስ ሙቀቱ ገደለው፤ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ክርስትና ያነሳው ኬብሮን ነው። ስለዚህ ሶልያና ለእሱ ጎረቤት ብቻ አይደለችም፤ አበልጁ ናት።

ኬብሮን ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ጋሽ ናሆም እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁት፤ እጃቸውን ከትከሻው አላነሱም። ከዚያ ስለ ነገው ተነጋገሩ። መርዶው ነገ ጠዋት ይሆናል። እህቷ ሄራን ከድሬዳዋ በባቡር እየመጣች ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ትደርሳለች። እሷን ይዘው፣ ሶልያና አፏ ላይ እህል ሳታደርግ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይገባሉ። ብሌን ከአጠገቧ ትቀመጣለች፤ ብሌን በእድሩ ውስጥ የሚወድቅ ሰው የምትይዝ፣ ክንዷ እንደ ወንድ የጠነከረ ሴት ናት። የሚናገሩት ጋሽ ናሆም ራሳቸው ናቸው። እስከዚያ ማንም ፊቱ እንዳይለወጥ ተባለ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቄሱ ሲባል ምሽት ሆነ።

ኬብሮን ወደ ሶልያና ቤት የሄደው ሁሌ ማታ ማታ ጎራ ስለሚል ነው። ቢቀር ትጠረጥራለች። ቤቷ ብሎክ ሰባት፣ ምድር ቤት ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ መዝጊያው ከፊቱ እየወረደ ነበር፤ የመጨረሻዋ የደጅ መብራት ጨረር ከወለሉ ጋር እኩል ሆና ጠፋች።

«ይኸው፣ ብረትህ ዘጋኝ» አለች ሶልያና። ሽንብራ እየለቀመች ነበር። «ተቀመጥ። የት ጠፍተህ ዋልክ?»

«ጣራ ላይ ነበርኩ።»

«በዚህ ዕድሜህ ጣራ ላይ። አንድ ቀን እንደ ድመት ትወድቅና ያቺ ሚስትህ እኔን ነው የምትከሰው።» ጠጠር አግኝታ ወደ ሳህን ጣለች። «ልጅህ ዛሬ አልደወለም። ትናንት ደውሎ ምን ይለኛል? ‹እማ፣ እዚህ እንቁላል መሬት ላይ ብትሰብሪው ይበስላል›። ታዲያ አንተ ምን ሆነህ አትበስልም ብዬው ሲስቅ ሲስቅ…»

ኬብሮን ጫማውን አየ።

«ደግሞ ሬዲዮው እምቢ አለኝ» አለች። «ከሰዓት በኋላ ጀምሮ። ዘፈን ስለው ዝም። ዜና ስለው ዜናውን ብቻ ያነብና ዝም። ትናንት ደህና ነበር። እስቲ እየው፤ እንጀራህ አይደለም እንዴ?»

ኬብሮን ቀና አለ። ሬዲዮው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ትንሿ መብራቱ ሐምራዊ ሆናለች። የማዕድኑ ክሊኒክ ሞቱን አስመዝግቧል ማለት ነው። ከለላ አውቋል ማለት ነው። ይህች ቤት ሐዘን ላይ ናት፤ እሷ ሽንብራ ትለቅማለች። ሬዲዮው ወዲያው ይለወጣል፤ መዝጊያውና የደጁ መብራት ግን ከማግስቱ ጠዋት ነው፤ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሌላው መዝጊያ ሁሉ ሲነሳ የእሷ አይነሳም።

ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ መስኮቱ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት ይሸጉጥ ነበር። አሁን ሞተሩ ላሜራውን ነክሶ ይዟል፤ መብራት ቢቆረጥም አይለቅም።

«ነገ አየዋለሁ» አለ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ከገባህ ጀምሮ አፍህን ይዘህ።»

«ጥርሴን አሞኛል።»

ተነስታ ከመደርደሪያው ሁለት ቅርንፉድ አመጣችና መዳፉ ላይ አደረገችለት። «ያመመህ ጋ ንከስበት። ደግሞ አትዋጠው፤ አንተን ስለማውቅህ ነው።»

ነከሰ። አፉ ተቃጠለ። ወጥቶ ደረጃው ሥር ቆመና ደወለ።

«ከለላ፤ እንደምን አመሹ» አለ የሴት ድምፅ። የተረጋጋ ነበር።

«አንድ ቤት ሐዘን ላይ ገብቷል። አውጡልኝ። ብሎክ ሰባት፣ ቁጥር ሦስት።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቤቱን ከሐዘን የሚያወጡት ሐዘንተኛዋ ብቻ ናቸው፤ በራሳቸው ድምፅ ሲጠይቁ።»

«ሐዘንተኛ መሆኗን አታውቅም እኮ።»

«በመዝገባችን ሐዘንተኛ ናቸው። ከሰባት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ።»

«አልተነገራትም ነው የምልሽ።»

«ልክ ነዎት፤ መንገር የእኛ ሥራ አይደለም። እኛ የምንሰጠው እረፍት ነው።»

«ነገ መዝጊያው ካልተነሳ ሰው እንደሞተባት ታውቃለች። ብቻዋን፣ ጨለማ ውስጥ።»

«መዝጊያው የማይነሳው ሐዘንተኛ ብርሃን ስለማይወድ ነው። በሩም ነገ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከውጭ አይከፈትም፤ እንግዳ እንዳያስቸግራቸው።»

ኬብሮን ግድግዳውን ተደገፈ። «ይኼን ደንብ ያወጣው ማነው?»

«የራሳችሁ እድር ነው። ቅጹ እዚህ አለ፤ የሞሉት እርስዎ ነዎት። ጥያቄ አራት፦ ሐዘን መቼ ይጀምራል? መልስ፦ ሰው ሲሞት።»

ስልኩን ዘጋው።

ያንን ቀን አስታወሰው። ከስድስት ዓመት በፊት በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጥሩንባ ነፊው አርጅቷል፤ ሕፃናት በጥሩንባው ይባንናሉ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ አይሰሙትም። ኬብሮን ተነስቶ ተናገረ፦ ሰው ሲሞት ቤቱ ራሱ ለጎረቤት ይናገር፣ መዝጊያው ይናገር። ተጨበጨበለት። ከዚያ ከከለላ የመጡት ሁለት መሐንዲሶች አስቀምጠው ጠየቁት። ሰው ሲሞትባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ በአንድ ነገራቸው። ዘፈን እንደማይከፈት፣ መስኮት እንደሚዘጋ፣ መብራት እንደሚቀነስ፣ ሰው ሲያለቅስ በገና ቢሰማ እንደሚያረጋጋ፣ በሦስተኛው ቀን እንደሚከፈት። ሳይታክቱ ጻፉ፤ ባህሉን ማክበራቸው ደስ ብሎት ነበር። መርዶን ግን አልነገራቸውም። ደብቆ አይደለም፤ ትዝ አላለውም። ሟቹ የሚሞትበት ሰዓት አንድ ነገር ነው፤ እናቱ ዘንድ የሚሞትበት ሰዓት ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል አገር ምድሩ ፊቱን አስተካክሎ ሸክሙን ለእሷ ይይዝላታል። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ ሐዘን መቼ ይጀምራል ሲሉት ሰው ሲሞት አለና ፈረመ።

ለጋሽ ናሆም ደወለ። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንግባ፤ መዝጊያው ከሚነሳበት ሰዓት በፊት» አላቸው።

«ሄራን ሳትደርስ?»

«ሳትደርስ።»

«ያለ ሥጋ ዘመድ መርዶ ነግሬ አላውቅም። ዛሬም አልጀምርም።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንንገራት።»

«በምሽት? ሌሊቱን የት ታድርሰው?» ከዚያ፣ «አንተ አይደለህ እንዴ የገጠምከው? ለግማሽ ሰዓት መክፈት እንዴት ያቅትሃል?» አሉት።

በእጅ የሚከፈትበት መንገድ ድሮ ነበር። እያንዳንዱ መዝጊያ ከውጭ በኩል፣ ከመስኮቱ ቀኝ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። የብረት እጀታ አስገብተው ሲያዞሯት ላሜራው በእጅ ይነሳል። ከከለላ ጋር ሲያገናኟቸው መመሪያ መጣ፦ በእጅ የሚነሳ መዝጊያ ሥርዓቱን ያሳስታል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ። ኬብሮን ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱንም በብረት ማጣበቂያ ደፈነ። መጀመሪያ የደፈነው የሶልያናን ነው። መስኮቷ ላይ ተደግፋ ስታየው፣ «እቺ ጉድጓድ ምን አደረገችህ?» ብላው ነበር። «ሥርዓት ነው» አላት።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መሮና ካቻቢቴ ይዞ መስኮቷ ሥር ተንበረከከ። መሰርሰሪያ እንዳያመጣ ድምፁን ፈራ። እጀታውን ከአሮጌ ዕቃዎች መሃል ፈልጎ አግኝቶት በቀበቶው ሸጉጦታል። ሃሳቡ ቀላል ነበር፦ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሌሎቹ መዝጊያዎች ጋር እኩል የእሷንም ያነሳዋል። ነቅታ ብርሃን ካየች ግማሽ ሰዓት ታገኛለች። ፊቷን ትታጠባለች። ሽንብራውን ታፍሳለች። ከዚያ ሄራን ትደርሳለች፤ በሩን ሶልያና ራሷ ከውስጥ ትከፍትላቸዋለች።

ስምንተኛው ብሎክ ጀርባ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከመስኮቷ እንዳይታዩ ግድግዳ ተጠግተው ቆመው ነበር። ነጠላቸው ብቻ ይታያል። ብሌን ከፊት ናት። ጋሽ ናሆም ሰዓታቸውን ያያሉ።

ማጣበቂያው እንደ ድንጋይ ነበር። መሮውን ሲገፋው ዱቄት ብቻ ይወርዳል። ያኔ ሥራውን በጥንቃቄ ነበር የሠራው፤ ሁለት ጊዜ ሞልቶ፣ በጣቱ አለስልሶ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ። የተቆጣጣሪው መሐንዲስ ፎቶ አንስቶ ለሌሎች ከተሞች ማሳያ ልኮት ነበር። አሁን በዚያ በለሰለሰው ላይ ጥፍሩን ይሰብራል። ቅርንፉዱን ይነክሳል። በጥርሱ መካከል የሚሳደበውን ማንም አይሰማም። የግማሽ ጣት ያህል ገባ። ከዚያ የጣት ያህል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

መዝጊያዎቹ ተነሱ። ከራሱ በላይ፣ ከግራው፣ ከቀኙ፣ ከማዶው ብሎክ፣ ጠጠር ሲራገፍ የሚመስለው ድምፅ አካባቢውን ሞላው። የእሷ አልተንቀሳቀሰም። ከላዩ ሐምራዊዋ መብራት በራች። አርባ ሰከንዱ አለቀና ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከላሜራው ወዲያ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሲሄድ ሰማ። መጣ። ቆመ።

ኬብሮን እጁን አቆመ። መሮው ቀዳዳው ውስጥ ነበር።

«ማነው እዚያ?»

«እኔ ነኝ አበልጄ። ተበላሽቶ ነው። እየሠራሁት ነው።»

«መዝጊያው?»

«አዎ።»

እንደገና ስትናገር ወደ ላሜራው ተጠግታለች፤ ትንፋሿ ይሰማል። «ሬዲዮውም ተበላሽቶ ነው?»

«አዎ።»

«ጥርስህም?»

ጋሽ ናሆም ከግድግዳው ብቅ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ፦ ምን ሆነ? ኬብሮን ራሱን ነቀነቀ።

«ማነው?» አለች ሶልያና። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም አልቀነሰም። «ኬብሮን። ማነው የሞተው?»

«አበልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ…»

«ሄራን ናት?»

«አይደለችም፤ ሄራን እየመጣች ነው» አለ።

ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው። ድሬዳዋ ቅርብ አይደለም። ሄራን ሌሊቱን ተጉዛ የምትመጣለት ሰው ስንት ነው?

ላሜራው ላይ አንድ ነገር አረፈ፤ እጇ ሳይሆን አልቀረም። መቁጠር ጀመረች። ለእያንዳንዱ ስም ጊዜ ሰጠችው፤ እያንዳንዱንም እንዲሆን የለመነች ያህል።

«አጎቴ ናቸው? በረከት?»

«አይደሉም።»

«አርጅተዋል እኮ። እሳቸው ናቸው በለኝ።»

«አይደሉም አበልጄ።»

«የአክስቴ ልጅ፣ ሩት። ታማ ነበር።»

«አይደለችም።»

«የልጁ አባት ነው?»

ፍቱንን በስሙ መጥራት ትታ ‹ልጁ› አለች። ኬብሮን ግንባሩን ላሜራው ላይ አደረገ። ቀዝቃዛ ነበር። በዚያች የጣት ውፍረት በማትሞላ ብረት ወዲያና ወዲህ ሆነው ፊቷን ማየት አልቻለም፤ ሊይዛትም አልቻለም።

«አይደለም» አለ።

ሌላ ስም ጠበቀ። ሌላ ስም አልመጣም። የቀረው አንድ ነበር፤ እሱን አልጠራችም።

ከውስጥ የተሰማው ድምፅ የቃል ድምፅ አልነበረም። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ወዲያው፣ ከለላ ልቅሶውን ሰምቶ፣ ከግድግዳው ሬዲዮ በገና ለቀቀ። ቀስ ያለ፣ ጥሩ ድርደራ ነበር። ኬብሮን በዚያች ሰዓት ያደረገውን ሲጠየቅ የሚያስታውሰው በገናውን ብቻ ነው። መዶሻውን ከሳጥኑ አውጥቶ ላሜራው ላይ አሳረፈው። ደገመው። ሰዎቹ ከግድግዳው ወጥተው ሮጡ። ጋሽ ናሆም በሩን ገፉት፤ በሩ በትሕትና፣ ለቅሶ መድረስ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መሆኑን ነገራቸው። አንዱ ዲጂኖ ይዞ መጣ። ሦስት ሆነው ላሜራውን ከሥሩ ፈለቀቁት፤ ብረቱ ሲገለበጥ የመስኮቱ መስታወት አብሮ ረገፈ። ገና ክፍተቱ ሰው የሚያስገባ ሳይሆን ብሌን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ስልሳ ዓመት የሞላት ሴትዮ፣ በደረቷ ተስባ ገባች። መስታወቱ ክንዷን ቀደደው። ስትደርስ ሶልያና ሽንብራው መሃል ወድቃ ነበር፤ የግንባሯ ቆዳ ተሰንጥቋል። ብሌን ከወለሉ አንስታ አቀፈቻት።

«ዘገየሁ» ትል ነበር ብሌን። «እኔን እቴ፣ ዘገየሁ።»

ሄራን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደረሰች። የምትደርስበት መርዶ አልቀረም።

በዚያው ቀን አምስት ሰዓት ላይ ለነዋሪው ሁሉ መልእክት ደረሰ፦ በብሎክ ሰባት፣ ቁጥር ሦስት፣ በንብረት ላይ ጉዳት ደርሷል፤ ሐዘንተኛዋ እረፍት ላይ ስለሆኑ ድምፅ እንዳታሰሙ። ኬብሮንም ለብቻው ከሥራ መታገዱን የሚገልጽ ደረሰው። አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሁለቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ሰው ሲያናግረው ይመልሳል። ግራ እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ተጨብጦ ነው የዋለው፤ ሲበላም የሚዘረጋው ቀኙን ብቻ ነበር።

የፍቱን አስከሬን አርብ መጣና ተቀበረ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ቀን ሞላ። ከለላ የሶልያናን ቤት ከሐዘን አወጣው። ሬዲዮው ሞቅ ባለ ዘፈን እንደምን አደርሽ አላት። ከተሰበረው መስኮት በላይ ያለው ሞተር መዞር ጀመረ፤ የሚያነሳው ላሜራ ግን የለም፤ አርባ ሰከንድ ባዶውን ዞሮ ቆመ። ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩትና መልሰው አቀረቀሩ። ብሌን በተጠቀለለ ክንዷ ተነስታ ሬዲዮውን ከነመሰኪያው ነቀለችው።

አራት ሰዓት ላይ ከድርጅቱ ሰው መጣ። ሚልክያስ ይባላል፤ ወጣት ነው። ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ ያውቃል። ጫማውን ድንኳኑ በር ላይ አውልቆ ገባ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለ፣ ከሴቶቹ ጋር ወደ ድንኳኑ ለወጣችው ሶልያና ጎንበስ አለ፣ ትንሽ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ከዚያ መጻፊያ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«የተፈጠረው ነገር በጣም አሳዝኖናል» አለ። «ክፍተቱ የእኛ መሆኑን አምነናል። መርዶ የሚባለውን አላካተትነውም ነበር። አሁን እናካትተዋለን። ከለላ ሞት ሲመዘገብ ለሥጋ ዘመድና ለእድር ብቻ ይነግራል፤ ቤቱን እንደ ወትሮው ያቆየዋል። የዘመዶቹ ባቡር የሚደርስበትን ጊዜ አስልቶ የመርዶውን ሰዓት ይወስናል። ሰዎቹን ይጠራል። ሽማግሌ ለሌለው ቤት ራሱ እንዲናገር ማድረግም ይቻላል፤ ለስላሳ ድምፅ መርጠናል። ከእናንተ የምንፈልገው ዝርዝሩን ነው።» ወደ ጋሽ ናሆም ዞረ። «አባቴ፣ እርስዎ ሲናገሩ በምን ቃል ነው የሚጀምሩት?»

ጋሽ ናሆም መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መልሰው አደረጉት።

«እሺ። እርስዎስ እናቴ፤ የሚይዘው ሰው የት ቢቀመጥ ይሻላል? በግራ ነው በቀኝ?»

ብሌን አየችው። «እኔ እጅ ብቻ ነኝ ልጄ። አላውቅም» አለች።

አጠገቧ ያለችውን ጠየቀ። ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ያለውን ጠየቀ። በድንኳኑ ውስጥ አርባ ሰው ነበር፤ አርባውም ሰው መርዶ ነግሯል ወይም ተነግሮታል፤ አንድም ሰው አላስታወሰም። ሚልክያስ ከማንም ጋር አልተጣላም። በትዕግሥት እየጻፈ ቆይቶ ኬብሮን ጋ ደረሰ።

«ጋሽ ኬብሮን፣ ቀድሞም የረዱን እርስዎ ነዎት። አንዷን ጥያቄ ብቻ ያስተካክሉልን፤ እግዱንም እናነሳዋለን። ጥያቄ አራት። ሐዘን መቼ ይጀምራል?»

ኬብሮን የተጨበጠውን እጁን አየ። ጥፍሮቹ ጠቁረዋል።

«ምን እንደነገርኳችሁ አስታውሳለሁ» አለ። «ሁሉንም ነገርኳችሁ። ዘፈኑን ነገርኳችሁ፣ በገናውን ነገርኳችሁ። የጠየቃችሁኝን ሁሉ ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጎበዝ ናችሁ፤ አንድ ቃል ሳትጥሉ ነው የጻፋችሁት። ከእንግዲህ ግን እኔ የምነግራችሁ የለም።»

«ይኼ እኮ እንዳይደገም ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ…»

«አበልጄ» አለች ሶልያና።

ከሐሙስ ጀምሮ ድምፅዋን የሰማ ጥቂት ሰው ነው። ግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ጨርቅ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ሚልክያስን ሳታይ፣ ኬብሮንን ጠየቀችው።

«ያቺን ቀዳዳ። ስንት ቤት ደፈንክ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።»

«ስንቱን ከፈትክ?»

«ያንቺን። እሱንም ሳልጨርስ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትጎለታለህ?»

ኬብሮን ተነሳ። ሳጥኑ ድንኳኑ በር ላይ ነበር። መሮውንና መዶሻውን አወጣ፤ እጀታውን ቀበቶው ላይ ሻጠ። ጋሽ ናሆም ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ተከተሉት። ብሌን ክንዷን ይዛ ተከተለች።

ሚልክያስ ሰሌዳውን ወደ ሶልያና አዞረ። «እናቴ፣ እርስዎ እንኳ…» አለ።

ሶልያና በድንኳኑ በር በኩል የቤቷን መስኮት ታይ ነበር። ከብሎክ አንድ፣ ከመጀመሪያው ቤት ግድግዳ፣ መዶሻ መሮ ላይ ሲያርፍ ተሰማ።